የአስማት ሕግ ምንድን ነው? ስሙን መናገር የማይችለው ጀግና ጉዳይ

ኮሚክስ በሚባለው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ስሙን መናገር የማይችል ጀግና አለ። ዲዳ ሆኖ አይደለም። ምስጢር አለብኝ ብሎም አይደለም። ስሙን ከጠራ ኃይሉ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው።

ልጁ ፍሬዲ ፍሪማን ይባላል። የተፈጠረው በ1941 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ካፒቴን ናዚ የሚባል ክፉ መትቶት ሊሞት ሲል፣ ካፒቴን ማርቭል የተባለው ጀግና ከኃይሉ ቆርሶ ያካፍለዋል። ልጁ ይተርፋል፤ ግን እግሩ አልዳነም። በአዘቦት ቀን ክራንች ተደግፎ ጋዜጣ ይሸጣል። ጉድ ሲመጣ «ካፒቴን ማርቭል!» ብሎ ይጮኻል። መብረቅ ይወርዳል። ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ የሚበር ጀግና ይሆናል። የዚህ ጀግና ስም ደግሞ ካፒቴን ማርቭል ጁኒየር ነው።

እንግዲህ አንዱ «አንተ ማነህ?» ብሎ ቢጠይቀውስ? መልሱን ሳይጨርስ መብረቁ ይወርድና ክራንች የያዘው ልጅ ሆኖ ቁጭ!

«የአስማት ሕግ» የሚባለው ይኸው ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ አስማት ምን እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያስከፍልና በምን እንደሚከሽፍ የሚወስነው ነገር። አንቀጽ አንቀጽ ሆኖ ተጽፎ አይገኝም። በደራሲውና በአንባቢው መካከል ያለ የአፍ ውል ነው ብንል ይቀላል።

ለምን ያስፈልጋል? የጉልበተኛ ጀግና ልኩ ይታወቃል። መኪና ያነሳል፤ ሕንፃ ሲሆን ያቃስታል፤ ተራራ ሲሆን እንሳቀቅለታለን። አስማት ግን ሚዛን የለውም። እጁን አወናጭፎ ጠላቱን እንቁራሪት ማድረግ የሚችል ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ጨርሶ ቡናውን ይጠጣል። ታሪኩ ሃያ ምናምን ገጽ እንዲቆይ አንድ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። የደራሲው ብልሃትም ስንፍናም የሚታየው ያንን ልጓም የት እንዳሰረው ሲታይ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ፣ የጥንቶቹ የኮሚክስ ሰዎች ልጓሙን ያሰሩት አፍ ላይ መሆኑ ነው። ቃል ላይ፤ ስም ላይ። ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ እኮ በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ስሞች ማለት ነው። ደብተራ ብራና ላይ ጽፎት አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ክታብ ውስጥ የሚደረደሩት ኅቡእ ስሞች ናቸው አስማት የተባሉት። ዋናው ነገር ሥሩም ቅጠሉም አይደለም። ስሙን ማወቁ ነው።

አሁን ወደ 1940 ልውሰዳችሁ። ቢሊ ባትሰን የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ አንድ የማያውቀውን ሰው ተከትሎ ወደ ምድር ባቡር ዋሻ ይወርዳል። ዋሻው መጨረሻ ላይ ጢማቸው የተንዠረገገ ሽማግሌ ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል። ስሜን ጥራ ይሉታል። «ሻዛም!» መብረቅ። ልጁ በአንድ አፍታ ካፒቴን ማርቭል ሆነ፤ ያ ኋላ ለፍሬዲ ኃይሉን የሚያካፍለው።

ሻዛም ዝም ብሎ የመጣ ድምፅ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ስም መነሻ ነው። የሰሎሞን ጥበብ፣ የሄርኩለስ ጉልበት፣ የአትላስ ጽናት፣ የዜውስ ኃይል፣ የአኪለስ ጀግንነት፣ የሜርኩሪ ፍጥነት። ስድስት ስም ተጨምቆ አንድ ቃል ሆነ። አንድ ደብተራ ይህን ቢያይ «ይኼማ አስማት ነው» ማለቱ አይቀርም፤ በሁለቱም ትርጉም። የመጀመሪያውን ስም ደግሞ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ የሚያጠምድበት «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባል የአስማት ጽሑፍ አለና። የሻዛም ፈጣሪዎች ቢል ፓርከርና ሲ. ሲ. ቤክ ግዕዝ አስበው ሠሩት እያልኩ አይደለም። ስም ኃይል አለው የሚለው እምነት ግን ሁለቱም ቦታ ቁጭ ብሏል።

የዚህ አስማት ሕግ አጭር ነው። ቁልፉ አንድ ነው፤ ይከፍታልም ይዘጋልም። «ሻዛም» ስትል ጀግና ትሆናለህ፤ ደግመህ ስትል ልጅ ትሆናለህ። አፍህ ከተዘጋ ደግሞ አለቀልህ። ለዚህ ነው በድሮዎቹ ዕትሞች ክፉዎቹ ቢሊን ሲይዙ ከእጁ በፊት አፉን የሚያስሩት።

ይህ ቀላል ሕግ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት በ1996 የወጣውን «ኪንግደም ከም» ማየት ነው። ማርክ ዌይድ ጽፎ አሌክስ ሮስ በቀለም የሣለው ነው። መጨረሻው ላይ ሱፐርማንና ካፒቴን ማርቭል ይገጥማሉ። ካፒቴን ማርቭል ቡጢ መለዋወጡ አላዋጣው ሲል «ሻዛም!» ይልና መብረቁ ሊያርፍበት ሲል ገለል ይላል። መብረቁ ሱፐርማን ላይ። እንደገና «ሻዛም!»፤ ገለል። እንደገና። ለመለወጥ የተሰጠውን ቃል መድፍ አደረገው። ሱፐርማን ሲቃጠል ሲቃጠል ቆይቶ በመጨረሻ ያንቀዋል፤ እንዳያመልጥ አጥብቆ ይይዘዋል። መብረቁ በባለቤቱ ላይ ይወርዳል። ጭሱ ሲገለጥ ሱፐርማን እጅ ውስጥ ያለው ቢሊ ነው። ሱፐርማን ምን አደረገ? መዳፉን አፉ ላይ ጫነበት። በዓለም ላይ ጉልበተኛ የተባለው ሰው፣ አንድ ቃል እንዳትወጣ አንድ አፍ አፍኖ ቆሟል። ይህቺን ገጽ ስንቴ እንዳየኋት አላውቅም። አዲስ ኃይል አልተጨመረ፤ አዲስ መሣሪያ አልመጣ። ከ1940 ጀምሮ የምናውቀው ሕግ ነው እስከ ጥጉ የተገፋው።

መቼም «ሱፐርማንን መብረቅ ምን ያደርገዋል?» የሚል አይጠፋም። ተራ መብረቅ ቢሆን ምንም። ይኼኛው ግን የአስማት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አስማት ለሱፐርማን እንደ ክሪፕቶናይት (ኃይሉን እንደሚያሟጥጠው ድንጋይ) መርዝ አይደለም። አያደክመውም፣ አያሳምመውም። መከላከያ የለውም ማለት ብቻ ነው። ጥይት የሚመልሰው ቆዳ አስማት ሲመጣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ቆዳ ነው።

የሱፐርማን ሌላው ራስ ምታት በ1944 የመጣ አንድ ድንክዬ ነው። አምስተኛው ልኬት ከሚባል ሌላ ዓለም እየመጣ ከተማውን ያምሳል፤ ሕንፃ ያስጨፍራል። ስሙ ምክስይዝፕትልክ ነው። በፊደላችን ስጽፈው ሳድስ በሳድስ ሆነብኝ፤ አንብቡት እስቲ። እሱን በቡጢ ማሸነፍ አይቻልም። መላው አንድ ነው፦ ስሙን በራሱ አፍ ገልብጦ እንዲናገር ማታለል። ከተናገረ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ90 ቀን አይመጣም። ስለዚህ ታሪኩ ሁሌ የጉልበት ሳይሆን የእንቆቅልሽ ነው። ምን ቢያደርጉት ይናገራል? በዚህ በኩል ካያችሁት፣ ያ ቀልደኛ ገጸ ባሕርይ ከብዙ ኮስታራ አስማተኞች የተሻለ ሕግ አለው።

መገልበጥ ካነሳን አስማተኛው ዛታራና ሴት ልጁ ዛታና አይቀሩም። ዛታራ የወጣው በ1938፣ ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት በዚያው የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ላይ ነው። ልጁ ዛታና በ1964 የጠፋ አባቷን ፍለጋ መጣች። ሁለቱም ትእዛዛቸውን የሚሰጡት ቃሉን ገልብጠው ነው። በእኛ ፊደል ቢሆን «በሩ ይከፈት» ለማለት «ሩበ ትፈከይ» እንደማለት። ልጆች ሳለን በየወፍ ቋንቋ እያወራን ትልልቆቹን እናናድድ አልነበር? እሷ ስታወራው በሩ እውነትም ይከፈታል።

ግን እውነቱን እንናገር። የዛታና ሕግ እንዴት እንደምትናገር ይወስናል እንጂ ምን ማድረግ እንደምትችል አይወስንም። ገልብጣ ካለችው ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ደራሲዎቹ ወይ አፏን ያስሩባታል፣ ወይ ቀድመው ራሷን ያስቷታል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይኼው ነው። በ2004 «አይደንቲቲ ክራይሲስ» በሚባለው ታሪክ ላይ ብቻ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ዛታና የሰው አእምሮ ውስጥ ገብታ ትዝታ አጥፍታ እንደነበር ወጣ፤ የባትማንን ጨምሮ። ጥያቄው «ትችላለች ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ፈቀደላት?» ሆነ። ታሪኩን ባልወደውም ጥያቄውን ወድጄዋለሁ።

ሁሉም በአስማት አልቀጠለም። ኃይሉን ከቀለበቱ የሚያገኘው የ1940ው ጀግና ግሪን ላንተርን ቀለበቱ የአስማት ነበር፤ እንጨት አይሠራበትም። ዱላ ይዘህ ብትመጣ ያሸነፍከው ነበር። በ1959 አዲሱ ግሪን ላንተርን ሲመጣ ቀለበቱ ከሌላ ዓለም የመጣ ቴክኖሎጂ ሆነ፤ ድክመቱም ቢጫ ቀለም ተባለ። ዘመኑ የሮኬት ነበርና አስማት ጊዜው ያለፈበት መስሏቸዋል። ሕጉ ግን ያው ነው፤ ልብሱ ተቀየረ እንጂ።

በ1963 ስቲቭ ዲትኮና ስታን ሊ ዶክተር ስትሬንጅን ይዘው ሲመጡ ግን አስማት ተመለሰ። ስትሬንጅ እጁ በመኪና አደጋ የተጎዳ ትዕቢተኛ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። መድኃኒት ፍለጋ ቲቤት ሄዶ አስማት ተማረ። ድግምቱን ብትሰሙ መልክአ ይመስላል፤ በሆጎት ሠራዊት፣ በአጋሞቶ ዓይን፣ በሲቶራክ ቀይ ሰንሰለት እያለ ስም ይጠራል። የራሱ አይደለም ኃይሉ። የሚበደረው ከጠራቸው ባለ ስሞች ነው። አያችሁ፣ አሁንም አስማት ማለት ስሞች ነው።

ችግሩ ብድሩን ሲከፍል አናይም። ለአምሳ ዓመት ያህል ስትሬንጅ ሲጠራ ይሰጠዋል፤ ደራሲው ሲቸግረው አዲስ ስም ይፈጥራል። በ2015 ደራሲው ጄሰን አሮንና ሠዓሊው ክሪስ ባቻሎ ሒሳቡን አመጡለት። አስማት ሁሉ ዋጋ አለው አሉ። ስትሬንጅ የሰው ምግብ ሆዱ አይቀበልም፤ ረዳቱ ዎንግ ስሙ የማይጠራ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚቀቅልለት። ከዚያ የባሰው ይመጣል። ዎንግ የስትሬንጅን ሕመም የሚሸከሙለት ሰዎች በስውር አዘጋጅቶ ኖሯል። ጀግናው ሳያውቅ ሌላው እየከፈለለት ነበር። የድሮዎቹን ዕትሞች ከዚህ በኋላ መልሼ ሳነብ እያንዳንዱ ብልጭታ ላይ «ይኼን ማን ከፈለ?» ማለት ጀመርኩ።

በሕግ መጫወት የሚችል አንድ ሰው ምረጥ ብትሉኝ ግን ጆን ኮንስታንቲን ነው። በ1985 «ስዋምፕ ቲንግ» በሚባለው ኮሚክስ ላይ የመጣ፣ ካፖርቱ የተጨማደደ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ እንግሊዛዊ። እሳት ከእጁ አይወጣም። ውል ያነባል። በ1991 ጋርዝ ኤኒስ በጻፈው ታሪክ የሳንባ ካንሰር ያዘው። መድኃኒት የለውም። ሲሞት ደግሞ እሱ ራሱ ያዋረደው የሲኦል አለቃ ነፍሱን በጥርሱ ይዞ እየጠበቀው ነው። ኮንስታንቲን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሲኦልን የሚገዙት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ይኸው አለቃ ነው። ነፍሱን ለሁለተኛው ሸጠ። ለሦስተኛውም ሸጠ። አንድ ቤት ለሦስት ሰው እንደሚሸጥ ደላላ ማለት ነው። ከዚያ ራሱን ሞት አፋፍ አደረሰ። ሦስቱም ሊወስዱት መጡ፤ ተፋጠጡ። እሱ ከሞተ ሦስቱ ይዋጋሉ፤ ከተዋጉ ሲኦል ይፈርሳል፤ የሚጠቀመው ሰማይ ነው። ስለዚህ በገዛ እጃቸው ካንሰሩን አወጡለት። እሱም የመሀል ጣቱን አሳያቸው። ካንሰሩን ያወጣው አስማት የሰይጣኖቹ ነው። ሕጉን የተጠቀመበት ሰውዬው ነው።

የዚህ ተቃራኒው ዋንዳ ናት፤ ስካርሌት ዊች። በ1964 ስትመጣ ኃይሏ በጠላቶቿ ላይ መጥፎ ዕድል ማምጣት ነበር፤ ደስ የሚል፣ ልክ ያለው ነገር። እያደር ተለጠጠ። በ2005 «ሚውታንት (ኃይል ይዞ የተወለደ ሰው) ይብቃ» አለችና በዓለም ያሉት ሚውታንቶች ከጥቂቶች በቀር ኃይላቸውን አጡ። እንደ ሐዘን ታሪክ ይነካል። እንደ ሕግ ግን ውሉ ተቀደደ። ይህን የምትችል ከሆነ ትናንት ለምን አንድ ሌባ አስቸገራት?

ወደ ስሙ ጉዳይ ልመለስ፤ አንድ የቀረ ነገር አለ። የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ ካፒቴን ማርቭል ሱፐርማንን ይመስላል ብሎ አሳታሚውን ፎሴትን ከስሶ ነበር። በ1953 ፎሴት ጀግናውን ማተም አቆመ። በ1967 ማርቭል ኮሚክስ የተባለው ሌላ አሳታሚ የራሱን ካፒቴን ማርቭል አወጣና ስሙን ያዘ። ዲሲ በ1973 ቢሊን ሲመልሰው መጽሔቱን በዚያ ስም ማውጣት ስላልቻለ «ሻዛም!» አለው። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ጀግናውን ራሱን ሻዛም ብሎ ጠራው። እና የፍሬዲ ጣጣ ወደ ቢሊ ዞረ። «ማነህ?» ሲሉት እውነቱን ከተናገረ መብረቅ ይወርዳል። በ2023 ማርክ ዌይድ ተመልሶ ሲጽፈው መላ ፈጠረለት። ስሙን የሚጠይቀው ሲመጣ አሁን «ካፒቴኑ» በሉኝ ነው የሚለው።