የስፒከርን የድምፅ መዛባት በኮምፒውተር ኢኳላይዘር ማረም

ማንኛውም ስፒከር ከተቀበለው ምልክት ውስጥ አንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ (የድምፁን ውፍረት ወይም ቅጥነት የሚወስነውን የንዝረት ፍጥነት) አጉልቶ፣ ሌላውን አዳክሞ ያሰማል። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ኢኳላይዘር ይህን መዛባት የሚያርመው ምልክቱ ወደ አምፕሊፋየር ከመድረሱ በፊት የጎላውን በስሌት በመቀነስና የደከመውን በመጨመር ነው። ለዊንዶውስ በነጻ የሚገኘው ኢኳላይዘር ኤፒኦ፣ ከጥቂት ፕሮግራሞች በስተቀር፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ በሙሉ በዚህ መንገድ ያሳልፋል።

እርማቱን በጆሮ ብቻ መሞከር ይቻላል፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን በልኬት የተደገፈው ነው። በነጻ የሚሰጠው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለ የመለኪያ ፕሮግራም ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ተከታታይ ድምፅ በስፒከሩ ያሰማና አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ የተተከለው ማይክሮፎን የቀዳውን በግራፍ ያሳያል። ከዚያ በፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ለእያንዳንዱ ማጣሪያ፣ ማለትም አንድን የፍሪኩዌንሲ ክልል ለሚቀንሰው ወይም ለሚጨምረው ማስተካከያ፣ የመሃል ፍሪኩዌንሲው፣ በዴሲቤል (የድምፅ ደረጃ መለኪያ) የሚለካው ጭማሪ ወይም ቅናሽ፣ እንዲሁም ኪው የሚባለው የስፋት ልክ ይወሰናል፤ ኪው ከፍ ባለ ቁጥር ማጣሪያው የሚነካው ክልል ይጠብባል።

በግራፉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር ብዙውን ጊዜ የስፒከሩ ሳይሆን የክፍሉ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የሚጓዘው ድምፅ በሁለቱ ተቃራኒ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በ34 ኸርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) አካባቢ ይጠራቀማል፤ ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) በዚያ ፍሪኩዌንሲ ከልክ በላይ ያጓራል። እንዲህ ያለውን እብጠት በአንድ ጠባብ ማጣሪያ ማስተካከል ኢኳላይዘር በእጅጉ የሚሳካለት ሥራ ነው። በግራፉ ላይ ወደ ታች የሚወርደው ጉድጓድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከግድግዳ የተመለሰው ሞገድ በቀጥታ ከመጣው ጋር ተጣፍቶ ድምፅ በሚጠፋበት ፍሪኩዌንሲ ኃይል ቢጨመር ሁለቱም ሞገዶች እኩል ስለሚያድጉ መጣፋቱ አይቀርም፤ 10 ዴሲቤል ብቻ ለመጨመር አምፕሊፋየሩ 10 እጥፍ ኃይል ማውጣት ስላለበት ስፒከሩ ያለ ጥቅም ይጨናነቃል። እዚህ ላይ የሚረዳው ስፒከሩን ወይም መቀመጫውን ማንቀሳቀስ ነው። የተቀደደ ኮን (የስፒከሩ የሚርገበገብ ሾጣጣ ክፍል)፣ የሚንኳኳ ሳጥንና የክፍል ገደል ማሚቶም በኢኳላይዘር አይድኑም።

ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ግራፉ ማይክሮፎኑ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ስለሚለዋወጥ፣ እያንዳንዱን ጥርስ ለማስተካከል መሮጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በተለያዩ ነጥቦች ለክቶ አማካዩን መውሰድና ሰፋፊ ዝንባሌዎችን ብቻ መንካት ይሻላል። ጭማሪ ካለ ደግሞ አጠቃላዩን ደረጃ ቢያንስ በዚያው መጠን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የምልክቱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል። ውጤቱን ለመገምገም ኢኳላይዘሩን እያበሩና እያጠፉ ሲያዳምጡ ሁለቱን በእኩል የድምፅ መጠን ማስተያየት ይገባል፤ ጆሮ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይሰማዋልና።