«የላቫ ሙቀት» ሲባል የቱ ሙቀት ነው?

ስለ አንድ የላቫ (ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ የቀለጠ ድንጋይ) ፍሰት አንዱ 1,150 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው 600 ቢል ሁለቱም ላይሳሳቱ ይችላሉ። ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር) ካሜራ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው፤ ላቫ ደግሞ አየር ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። በመሃል ያለው ጋዝና እንፋሎትም ጨረሩን ስለሚውጥ ቁጥሩን ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል።

የውስጡን ለማወቅ ቴርሞካፕል፣ ማለትም ጫፋቸው የተጋጠመ ሁለት የተለያዩ ብረት ሽቦዎች፣ በመከላከያ ዘንግ ውስጥ ሆኖ ቅርፊቱን አልፎ ይገባል። «ኬ» የሚባለው ዓይነት እስከ 1,260 ዲግሪ ገደማ ስለሚለካ ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ለሚሠራው ላቫ (ከ1,100 እስከ 1,200) ይበቃል። ችግሩ ቀዝቃዛው ዘንግ ሲገባ ላቫው ዙሪያውን ይረጋበታል። ስለዚህ ቁጥሩ መጨመሩን እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው፤ ቸኩሎ ያወጣው ሰው የለካው የዘንጉን ሙቀት እንጂ የላቫውን አይደለም።