ሳይነኩ መከታተል፦ የነርቭ ሕመምና የሬዲዮ ሞገድ

ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የነርቭ ሕመም፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ከወትሮው ሻል ይለዋል። መድኃኒቱን በሰዓቱ ውጧል፤ ሰው እያየውም ስለሆነ ቀጥ ብሎ ለመራመድ ይጥራል። ሐኪሙ የሚያገኘው እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሌሊት አልጋው ላይ መገላበጥ ሲያቅተው፣ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ሲቀር የሚያየው አስታማሚ ካለ አስታማሚው ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ በሬዲዮ ሞገድ መከታተል ነው። እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ ሽቦ የለም። ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን ደካማ ሞገድ ትለቃለች። ሞገዱ ሰውነት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሰውየው ንቅንቅ ካለ የተመለሰው ሞገድ ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ያንን ለውጥ ነው።

ለውጡ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ስንተነፍስ ደረታችን ከፍ የሚለው በሚሊሜትር የሚለካ ያህል ነው። የ60 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 60 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ) ራዳር ሞገድ ርዝመት 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህን በደንብ ይለያል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የቤት ዋይፋይ ሞገድ 12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ቢረዝምም ትንፋሽ ሊቆጠርበት ይችላል። የእንቅስቃሴው ድግግሞሽ ራሱም ያግዛል፦ ጤነኛ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የፓርኪንሰን የእጅ መንቀጥቀጥ ግን በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይምታቱም።

በዘርፉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የፕሮፌሰር ዲና ካታቢ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት 50 ሰዎችን፣ ከእነሱም 34 የፓርኪንሰን ሕሙማንን፣ ቤታቸው ውስጥ ተከታተሉ። ከ200 ሺህ በላይ የእርምጃ ፍጥነት ልኬት ተሰበሰበ። የሕሙማኑ ፍጥነት ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እየቀነሰ ሄደ። ፍጥነቱ ከመድኃኒት ሰዓት ጋር በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲልም ታየ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄኛው ነው፤ «መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ላይ ይለቅሃል?» ለሚለው ጥያቄ ሕመምተኛው በግምት ከመመለስ ይድናል።

በዚሁ መንገድ ለሚጥል በሽታ ሌሊት የሚመጣ መንፈራገጥን፣ ለአልዛይመር (የመርሳት ሕመም) ደግሞ የእንቅልፍ መዛባትንና በሌሊት መንከራተትን ለማወቅ ይሞከራል።

ችግርም አለው። አልጋ የሚጋራ ሰው፣ የምትዘል ድመት፣ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ሁሉ ሞገዱን ይረብሹታል። ካሜራ የለም ሲባል ደግሞ ምስጢር ተጠበቀ ማለት አይደለም። ሣጥኗ ማን ስንት ሰዓት ሽንት ቤት እንደሄደ ታውቃለች፤ እንግዳ ሲመጣም ታውቃለች። ዋይፋይን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያመቻቸው 802.11ቢኤፍ የተባለው የቴክኒክ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለጸደቀ ነገሩ ወደ ተራ ራውተር መግባቱ አይቀርም። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ዛሬ እሺ ቢል፣ ነገ ግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን ምን እንደሆነች ላያስታውስ ይችላል።