የዶሮ ግጦሽ ሳጥን ምንድን ነው?

ዶሮ በተለቀቀበት ግቢ ጎመን ተክሎ የበላ ሰው ብዙ የለም። ችግኙ ገና ሳይጸድቅ ተጭሮ ሥሩ ፀሐይ ይመታዋል። ዶሮዋን ማጥገብም መፍትሔ አይሆንም፤ መጫር ከረሃብ ጋር ብቻ የተያያዘ ነገር አይደለምና። ማሪያን ዶውኪንስ የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የሆነችው ቀይዋ የዱር ዶሮ መኖ እየቀረበላት እንኳ ንቁ ከሆነችባቸው ደቂቃዎች በ60 በመቶው ያህል መሬት ስትለቅም፣ በ34 በመቶው ያህል ደግሞ ስትጭር ተገኝታለች። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ያሉት አባቶች ይህንን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር።

የግጦሽ ሳጥን የሚባለው ከላዩ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት፣ ከታች ክፍት የሆነ የጣውላ ሳጥን ነው። መሬት ላይ ይቀመጥና ውስጡ ይዘራበታል። ቅጠሉ አድጎ በሽቦው ቀዳዳ ብቅ ሲል ዶሮዋ ላዩ ላይ ቆማ ጫፍ ጫፉን ትቀነጥሳለች። ጥፍሯ ግን ሥሩ ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ለአራትና ለአምስት ዶሮ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በቂ ነው። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ካጠረ ምንቃሯ ቡቃያውን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ሽቦው ላይ ግን ገንዘብ አትቆጥቡ። ለአጥር የሚሸጠው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ሲቆሙበት ይረግባል፣ የእግር ጣትም ይይዛል። የግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለውን ጠንካራውን ወንፊት ግዙና ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ምቱት። ከሽቦው በታች መሐል ለመሐል አንድ ሞራሌ ብታጋድሙ ሽቦው አይሰምጥም። ሁለት ሳጥን ያለው ሰው አንዱን ሲያስግጥ ሌላውን በጣውላ ከድኖ ያሳርፋል።

ምን ይዘራበት? ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ነው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ ጥቅጥቅ አድርጎ መዝራት ነው፤ በአሥር ቀን ገደማ ሽቦውን ያልፋል። ስንዴና ሲናርም ይሆናሉ። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ግን አልፋልፋ የተባለው የከብት መኖ ተክል ነው፤ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይታጨዳል። የገብሱን፣ የስንዴውንና የሲናሩን ዘር ከእህል ተራ ግዙት። ለእርሻ ተብሎ የሚሸጠው ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ቀላ ወይም አረንጓዴ ብሎ ካያችሁት ዶሮ ካለበት አርቁት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቅጠል ለዶሮ ዋና ምግብ አይደለም። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ መኖውም 16 ወይም 17 በመቶ ፕሮቲንና 3.5 በመቶ ያህል ካልሲየም የያዘ መሆን አለበት። ለምለም ቅጠል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በእሱ ሆዷን ከሞላች እንቁላሉ ይቀንሳል። በቆሎው፣ ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው እንዳለ ሆኖ አረንጓዴው ከዕለት ምግቧ አንድ አሥረኛውን ባይበልጥ ይመረጣል። ቆስጣ ደግሞ በብዛት አይሰጥም፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ለቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም ይይዝባታል።

ታዲያ ለምን እንደክማለን? አንደኛው ምክንያት አስኳሉ ነው። ገበያ ላይ «የሀበሻ እንቁላል» ከ«ፈረንጁ» በላይ የሚፈለገው በአብዛኛው አስኳሉ ደማቅ ስለሆነ ነው። ይሄ ግን የዘር ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የምግብ ጉዳይ ነው። ዶሮ አስኳል የሚያቀላውን ቀለም ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከቅጠል ወይም ከቢጫ በቆሎ ታገኘዋለች። እኛ አገር የሚመረተው በቆሎ ደግሞ አብዛኛው ነጭ ነው። ስለዚህ ተዘግታ በመኖ ብቻ የምትቀለብ ዶሮ ገርጣ ያለ አስኳል ብትሰጥ አይገርምም። ያችው ዶሮ ቅጠል ማግኘት ከጀመረች በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ መጥበሻው ላይ ይታያል። በርበሬም ቀለሙን ወደ ቀይ ይስበዋል፤ ዶሮ ማቃጠሉ ስለማይሰማት ያለ ችግር ትበላዋለች። ቀለሙ ደመቀ ማለት ግን ፕሮቲኑ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ሻጩ እንዲህ ካላችሁ አትመኑት።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ማጣት ነው። ባዶ ግቢ የተዘጋች ዶሮ የጓደኛዋን ላባ መንቀል ትጀምራለች። በዚህ ረገድ ሳጥን ለመሥራት አቅም ያጣ ሰው አንድ ጥቅል ጎመን በአንገቷ ልክ በገመድ ቢያንጠለጥልላትም ይረዳል።

ታጭዶ የመጣ ሣር ከሳጥኑ ግጦሽ የሚለየው በርዝመቱ ነው። ረጅም ሣር ደረቷ ላይ ባለው የምግብ ቋት ውስጥ ተጠቅልሎ ሊዘጋባት ስለሚችል በአጭር በአጭሩ ክተፉት። ጎረቤት አረም በአጥር ላይ ሲያቀብላችሁም አገላብጣችሁ እዩ፤ አስተናግርና ጉሎ መርዝ ናቸው፣ የአቮካዶ ቅጠልና ልጣጭ እንዲሁም አረንጓዴ የለበሰ የድንች ልጣጭም አይሰጥም።