የዮክሞክ ገበያ፦ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀው የሳሚዎች መገናኛ

ዮክሞክ በሰሜን ስዊድን፣ ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። በዓመት አንዴ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሐሙስ ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር ማብቂያ ላይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍባታል። ገበያው እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ይውላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ቢወርድም ገበያተኛው አይቀርም።

የገበያው አጀማመር ደስ የሚል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1605 የስዊድን ንጉሥ ካርል 9ኛ በሰሜኑ ምድር ቋሚ የገበያ ቦታዎች እንዲኖሩ አዘዘ። ሐሳቡ በሰፊው አገር ተበትነው የሚኖሩትን ነባር ሕዝብ፣ ሳሚዎችን፣ አንድ ቦታ ሰብስቦ ግብር ማስከፈል፣ ንግዱን መቆጣጠርና ክርስትናን ማስፋፋት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀሳውስት የሳሚዎችን ቅዱስ ከበሮ እየነጠቁ አቃጠሉ። ዮይክ የሚባለው ዜማቸውም እንደ ኃጢአት ተቆጠረ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሁሉ በይፋ ይቅርታ የጠየቀችው ገና በ2021 ነው። ወደ ዮክሞክ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ሳያውቅ ባይሄድ እመርጣለሁ። ግብር ሊሰበሰብባቸው የተቋቋመውን ገበያ ሳሚዎቹ የራሳቸው አድርገውታል። ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘው፣ ዮይክ በአደባባይ የሚዜመው፣ ስለ መሬትና ስለ ማዕድን ቁፋሮ ክርክር የሚደረገው እዚሁ ነው።

ሳሚዎች በሰሜን ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። በሦስቱ የኖርዲክ አገሮች የየራሳቸው ፓርላማ አላቸው። ብሔራዊ ቀናቸው ፌብሩዋሪ 6 ነው፤ በ1917 በዚያ ቀን ከድንበር ወዲያና ወዲህ ያሉ ሳሚዎች በኖርዌይዋ ትሮንድሃይም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ ተቀመጡ። ቀኑ ከገበያው ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ይገጣጠማሉ።

ሳሚ ሁሉ ሬንዲር፣ ማለትም የብርድ አገር አጋዘን፣ የሚያረባ ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። አብዛኛው አያረባም። የሚያረባው ግን ሕይወቱ ከእንስሳው ጋር የተሳሰረ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ምልክት አለው፤ በአውሮፓ የሙቀት ወራት የጥጃው ጆሮ በቢላ በዚያ ምልክት ይቆረጣል። ከሩቅ ጆሮውን አይቶ የማን እንደሆነ የሚለይ አለ። በገበያው ሰሞን ጋክቲ የሚባለውን የባህል ልብስ የለበሱ ቤተሰቦች ሬንዲሮቻቸውን አንዱን ከአንዱ ኋላ አስረው በመንደሩ መሃል ያልፋሉ። በረዶ ሆኖ በተጋገረው ሐይቅ ላይ ደግሞ የሬንዲር ሩጫ ውድድር አለ። ሰልፉን ስታዩ መንገድ ልቀቁ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጠይቁ። “ስንት ሬንዲር አለህ?” ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ የሰው ሀብት መቁጠር ነው።

የእጅ ሥራቸው ዱዎጂ ይባላል። እኔ የምወደው ጉክሲን ነው፣ የእንጨት መጠጫውን። ከበርች ዛፍ ግንድ ላይ እንደ እባጭ ካበጠው ክፍል ይፈለፈላል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቀስ ተብሎ ይደርቃል፣ መያዣው ላይ አንዳንዴ የሬንዲር ቀንድ ይገባበታል። ዋጋው አይቀመስም፣ ግን የተለፋበት ነው። አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ስላለ “ሳሚ ዱዎጂ” የሚል ምልክት መኖሩን እዩ፣ ወይም ከሠሪው እጅ ግዙ። ዕቃውን በደንብ ለመረዳት መጀመሪያ አይቴ የሚባለውን ሙዚየም መጎብኘት ይበጃል። ከተማው ውስጥ ነው፤ ከበሮው፣ የብር ጌጡ፣ ልብሱ ሁሉ እዚያ አለ።

ሲርባችሁ ሱዎቫስ ቅመሱ፤ በጨው ታሽቶ በጭስ የደረቀ የሬንዲር ሥጋ ነው፣ ተጠብሶ በቂጣ ይበላል። ቡናቸው ውስጥ ደግሞ ቁራጭ አይብ ይጨምራሉ። ቡና በጨውና በቅቤ ለሚጠጣ የአገራችን ሰው ይህ ብርቅ አይሆንበትም።

ስቶክሆልም ላሉ ወገኖች የሚቀለው ወደ ሰሜን በሚሄደው የሌሊት ባቡር ሙርየክ ድረስ ሄዶ ከዚያ አውቶቡስ መያዝ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ሉሌኦ ታርፋላችሁ፤ ቀሪው 170 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዮክሞክን አቋርጦ የሚያልፈው የመንገደኛ ባቡር በአውሮፓ የሙቀት ወራት የሚሠራ ስለሆነ በእሱ አትተማመኑ። አልጋ ብዙዎች ከዓመት በፊት ይይዛሉ፤ ነዋሪዎችም ቤታቸውን ያከራያሉ። ከውስጥ የሱፍ ልብስ ደርቡ፣ ጫማችሁ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ ይሁን። ብርዱን የማይችል ሰው ደግሞ ሐምሌ ላይ በሰሜን ኖርዌይ ኮፊዮርድ የሚደረገውን ሪዱ ሪዱ ፌስቲቫል ይምረጥ፤ ከ1991 ጀምሮ የሳሚና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ሙዚቃ የሚሰማበት ነው።