አውሮፓን በባቡር መዞር፦ መስመር አወጣጥ፣ ትኬትና የሚታደርባቸው ከተሞች

አውሮፓን በባቡር መዞር ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው አንድ ትኬት ተገዝቶ በተገኘው ባቡር መግባት ነው፣ ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም፣ እያንዳንዱ አገር የራሱ ድርጅት የራሱ ዋጋ የራሱ ህግ አለው፣ ጀርመን ዶይቸ ባን ነው፣ ጣልያን ትሬንኢታልያ፣ ኦስትሪያ ኦቤቤ፣ ስዊዘርላንድ ኤስቤቤ። ባቡሮቹ ድንበር ይሻገራሉ፣ የትኬት ህጉ ግን ድንበር ላይ ይቀየራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሰው ባቡር የሚመርጥበት ዋናው ምክንያት ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ መሃል ከተማ ስለሆነ ነው። ኮሎኝ ላይ ከጣቢያው በር ስትወጡ ካቴድራሉ ፊታችሁ ድቅን ይላል፣ ቬኒስ ሳንታ ሉቺያ ላይ ደግሞ ደረጃውን ሳትጨርሱ ትልቁ ቦይና ጀልባዎቹ ናቸው። ስለዚ ሶስት አራት ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ ኤርፖርት መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲደማመር ባቡሩ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ያደርሳል። ፈጣን ባቡር አውሮፓ ውስጥ በደንብ የተስፋፋው ፈረንሳይ በ1981 ፓሪስና ሊዮንን በቴዤቬ ካገናኘች በኋላ ነው፣ ጀርመን በ1991 የራሷን ፈጣን ባቡር አይሲኢን ጀመረች፣ ስፔን በ1992 ማድሪድን ከሴቪያ፣ በ1994 ደግሞ ከባህር ስር የሚያልፈው የ50 ኪሎሜትር ዋሻ ተከፍቶ ፓሪስና ለንደን ተገናኙ፣ አሁን በዩሮስታር 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ግን ከባቡሩ በፊት ቪዛው ይቀድማል። ሼንገን የሚባለው በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው አገሮች ስብስብ አሁን 29 አገር ነው፣ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም፣ ማመልከቻውን የሚመለከተውም ብዙ ሌሊት የሚታደርበት አገር ኤምባሲ ነው፣ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚገባበት። የአውሮፓ ህብረት በ2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ ደግሞ የመደበኛው ማመልከቻ መልስ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ይሄ ለባቡር እቅድ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ ለንደን ደርሼ ልምጣ ማለት አይቻልም፣ እንግሊዝ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፣ ስትመለሱም የሼንገኑ ቪዛ አልቋል። ሰርቢያም ቦስኒያም ሼንገን ውስጥ ስላልሆኑ በዚህ ቪዛ እዛ ደርሶ መመለስ አይቻልም። ስዊዘርላንድ የህብረቱ አባል አይደለችም እንጂ ሼንገን ውስጥ ናት፣ በሷ በኩል ማለፍ ችግር የለውም። ሼንገን ነው ብሎ ፓስፖርት ሆቴል ጥሎ መሄድ ደግሞ አያዋጣም፣ ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር መልሳ አምጥታለች፣ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ መታወቂያ ይጠይቃል።

ቪዛው ከተያዘ በኋላ ከተማ መምረጥ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው እቅድ የሚበላሸው፣ በአስር ቀን ስምንት ከተማ ተብሎ ይጻፋል፣ ከዛ ግማሹ ጉዞ ሻንጣ መጎተት ይሆናል። አንድ ከተማ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ካላገኘ ባይገባበት ይሻላል ባይ ነኝ። ከዛ ይልቅ አንድ ቦታ አርፎ በዙሪያው ደርሶ መመለስ ነው፣ ብራሰልስ የተቀመጠ ሰው ጌንትን በግማሽ ሰዓት፣ ብሩዥን በአንድ ሰዓት ያገኛቸዋል፣ ፍሎረንስ ያለ ሰው ፒሳን አንድ ሰዓት በማይሞላ ወይም በሚያልፍ ጊዜ። ሌላው ደግሞ በገቡበት ለመውጣት አለመታገል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፍራንክፈርትም ሮምም ስለሚበር በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል፣ መሃሉ በባቡር ይሞላል፦ ከፍራንክፈርት ዙሪክ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ከዙሪክ ሚላኖ ከሶስት ሰዓት ትንሽ በለጥ፣ በ2016 የተከፈተውንና 57 ኪሎሜትር የሚረዝመውን የጎትሃርድ ዋሻ አቋርጦ ማለት ነው፣ ከሚላኖ ፍሎረንስ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ከዛ ሮም አንድ ሰዓት ተኩል። አምስት ከተማ፣ አስር አስራ ሁለት ቀን፣ ወደኋላ መመለስ የለ።

የሮሙ ጣቢያ ተርሚኒ ለኛ ሰው ለብቻው ታሪክ አለው። ፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል፣ አምስት መቶዎቹ የተባሉት በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የፈጃቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው፣ መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ትንሽ እልፍ ብሎ ቆሟል። ጣልያን በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ ለገሀር ነቅሎ የወሰደውን የይሁዳ አንበሳ ያቆመው እዛው ሐውልት ስር ነበር፣ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። በጣቢያው አካባቢ ያሉት መንገዶች ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው እንጀራ በልቶ መሄድ ይችላል።

ትኬቱ ጋር ስንመጣ የረጅም ርቀት ፈጣን ባቡር ዋጋው እንደ አውሮፕላን ነው፣ ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ፣ በመጨረሻ ሰዓት የመጣ በእጥፍና ከዛ በላይ። ርካሹ ደግሞ ለአንድ ባቡር ብቻ የሚያገለግልና ገንዘቡ የማይመለስ ነው፣ ስለዚ ቪዛ ሳይወጣ እሱን መግዛት ቁማር ነው። የአካባቢ ባቡር ግን ዛሬም ተገዛ ከወር በፊት ዋጋው ያው ነው፣ መቸኮል አያስፈልግም። ጣልያን ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ኢታሎ የሚባለው የግል ድርጅት ከትሬንኢታልያ ፈጣን ባቡር ከፍሬቻሮሳ ጋር ስለሚፎካከር ሁለቱንም ማየት ነው። ጀርመን ዶይችላንድ ቲኬት የሚባል ወርሃዊ ትኬት አለ፣ በ2023 ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2026 63 ዩሮ ገባ፣ የከተማ አውቶብስ፣ ሜትሮና የአካባቢ ባቡር በሙሉ ያስኬዳል፣ አይሲኢ ላይ ግን አይሰራም፣ እሱን ይዞ አይሲኢ የገባ ሰው ቅጣት ይጠብቀዋል።

በየጉዞው ትኬት ከመግዛት ይልቅ በአንዴ ተገዝቶ በብዙ አገር ባቡር የሚያስኬደው ፓስ የሚባለውስ? ሁለት ስም ያለው አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል፣ አውሮፓ ለሚኖር ኢንተርሬይል (ከ1972 ጀምሮ)፣ ከውጭ ለሚመጣ ዩሬይል (ከ1959 ጀምሮ)፣ ሁለቱም በ33 አገር ይሰራሉ። ጀርመን የምትኖር እህትና ከአሜሪካ የመጣ ወንድሟ አብረው ቢሄዱ እሷ ኢንተርሬይል እሱ ዩሬይል ይገዛሉ ማለት ነው። ወጣት እስከ 27 ዓመት ቅናሽ አለው፣ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ። ሰው የማያስተውለው ሪዘርቬሽኑን፣ ማለትም ወንበር ማስያዙን ነው፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ በአብዛኛው ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፣ ፈረንሳይ፣ ስፔንና ጣልያን ፈጣን ባቡር ላይ ግን ፓስ ቢኖርም ለወንበር ተጨማሪ ይከፈላል፣ ቴዤቬ ላይ ደግሞ ለፓስ የተመደበው ቦታ ቶሎ ያልቃል። አራት ከተማ ብቻ ለሚያይና ቀኑን ለቆረጠ ሰው ፓሱ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ የሚያዋጣው በየቀኑ ሀሳቡን ለሚቀይር ነው።

የሌሊት ባቡር ሌላ አማራጭ ነው። ዶይቸ ባን በ2016 መጨረሻ የራሱን ሲተወው ከፊሉን መስመር ናይትጄት የሚባለው የኦስትሪያ የሌሊት ባቡር ተረከበው፣ ከቪየና ሮም ተኝቶ መድረስ ይቻላል፣ ወንበር አለ፣ ተደራራቢ አልጋ አለ፣ የሚቆለፍ ክፍልም አለ። ወንበሩ ርካሽ ነው፣ በማግስቱ ግን ከተማ ለማየት አቅም አይተርፍም።

ጣቢያ ላይ የሚያደናግሩ ነገሮች አሉ። ፓሪስ ብዙ ዋና ጣቢያ ነው ያላት፣ ከብራሰልስ የመጣ «ጋር ዱ ኖር» የሚባለው ጣቢያ ይወርዳል፣ ወደ ሊዮን የሚሄድ «ጋር ደ ሊዮን» ከሚባለው ይነሳል፣ መሃሉ RER D በሚባለው የከተማ ባቡር ሁለት ፌርማታ ቢሆንም ሻንጣ ይዞ ከአንድ ሰዓት በታች ማሰብ ጥሩ አይደለም። ቬኒስ መስትሬ የሚለው ጣቢያ ደሴቲቱ ላይ አይደለም፣ ከድልድዩ ወዲህ ነው። ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ መጨረሻው ዝግ ስለሆነ ባቡሩ በመጣበት አቅጣጫ ተመልሶ ይወጣል፣ ወደኋላ እየወሰደኝ ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። አንዳንድ አይሲኢ ደግሞ መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ስለዚ ትኬቱ ላይ ያለውን የፉርጎ ቁጥር ከፕላትፎርሙ ፊደል ጋር አስተያይቶ ቆሞ መጠበቅ ነው። ጣልያን የአካባቢ ባቡር በወረቀት ትኬት የሚሳፈር ሰው ከመግባቱ በፊት ማሽን ላይ ማስመታት አለበት፣ ገዝቻለሁ እኮ ማለት ከቅጣት አያድንም። ስፔን ፈጣን ባቡር ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ቀደም ብሎ መድረስ ነው።

ስለ ጀርመን ሰዓት አክባሪነት የሚወራው ባቡሩን አይጨምርም። በ2024 በሰዓቱ የደረሱት የዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች 62 በመቶ አካባቢ ብቻ ናቸው፣ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት እንደ ሰዓቱ ተቆጥሮ። ስለዚ እዛ ባቡር ለመቀየር የስምንት ደቂቃ ክፍተት አፑ ቢሰጣችሁም ግማሽ ሰዓት ያለውን መምረጥ ይሻላል፣ በረራ ባለበት ቀን ደግሞ ከዛም በላይ። በህብረቱ ህግ ከአንድ ሰዓት በላይ ለዘገየ ባቡር የትኬቱ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ደግሞ 50 በመቶ ይመለሳል፣ ጉዞው በአንድ ትኬት ተቆርጦ ከሆነ የሚታየው መጨረሻ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው፣ ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ግን ያመለጠው ሁለተኛ ባቡር የናንተ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ሰሌዳው በየዓመቱ ታህሳስ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ስለሚቀየር ለገና ሰሞን የሚሄድ ሰው አምና ያገኘውን መስመር ዘንድሮ መኖሩን አይቶ ነው ሆቴል የሚይዘው።