የዱር ፖም በጓሮ፦ ከቼሪው በኋላ የሚያብበው ዛፍ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጸደይ ገባ የሚባለው ቼሪው ሲያብብ ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ በመጡ ችግኞች ነው። ሰው ይጎርፋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ በሳምንት ውስጥ አበባው ረግፎ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። የአገሬው ዛፍ ግን ያኔ ገና አልጀመረም። እሱ የሚፈነዳው ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል ወይም ሜይ ሲገባ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል።

ዛፉ ክራብ አፕል ይባላል። በአማርኛ የዱር ፖም ብንለው ያስኬዳል። ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። የፍሬው ውፍረት ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ማንኛውም ፖም በዚህ ስም ይጠራል። ሱቅ የምንገዛው ትልቁ ፖም የዘር ሐረጉ ከካዛክስታን ተራሮች ነው የሚመዘዘው። ሰሜን አሜሪካ ግን ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት የራሷ የዱር ፖሞች ነበሯት። በተለምዶ አራት ተብለው ይቆጠራሉ። አንደኛው በምሥራቅ ነው፤ ከደቡባዊ ኦንታሪዮ እስከ ሰሜን ጆርጂያ ይበቅላል። ሁለተኛው በመካከለኛው ምዕራብ ሜዳዎች፣ ሦስተኛው በደቡብ፣ አራተኛው ከአላስካ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ ባለው የፓስፊክ ዳርቻ ይገኛል። የፓስፊኩን ዝርያ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምረው ይንከባከቡት ነበር። ፍሬውን ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ውኃ ወይም የዓሣ ዘይት ጨምረው ለክረምት ያስቀምጡት ነበር። ለክብር እንግዳም ይቀርባል።

እዚህ በብዛት የማወራው ስለ ምሥራቁ ነው። ብዙ አበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚበቅለው እሱ ስለሆነ። ሳይንሳዊ ስሙ ማሉስ ኮሮናሪያ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ስም ሲያወጣለት ከፒር፣ ማለትም ፖም ከሚመስለው ፍሬ ወገን መድቦት ነበር። ወደ ፖም የተዛወረው በኋላ ነው። ኮሮናሪያ ማለት ለአበባ ጉንጉን የሚሆን ማለት ነው። አበባውን ያየ ሰው በስሙ አይከራከርም።

ቤተሰቡ የጽጌረዳ ነው። በዚህ በኩል የእኛ ቀጋ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ዘመዶቹ ናቸው። እንጆሪም አለችበት። ኮሶና ፖም ይዛመዳሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቁመቱ ከ5 እስከ 9 ሜትር ነው። ወደ ጎንም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። አጫጭር ቅርንጫፎቹ ጫፋቸው እሾህ ይሆናል። ከሥሩ ዙሪያ አዳዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ዝም ከተባለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁጥቋጦ ይሆናል። እምቡጡ ደማቅ ሮዝ ነው። ሲፈነዳ እየነጣ ይሄዳል። መዓዛው ግን ልዩ ነው። ከብዙዎቹ የእስያ ጌጠኛ ፖሞች የሚበልጠው በዚህ ነው። በር ላይ ተተክሎ ከሆነ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ይቀበላችኋል።

ፍሬው ሲደርስ እንደሌሎቹ አይቀላም። አረንጓዴያማ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፤ ሲነካ ሰም የተቀባ ይመስላል። ጣዕሙ? ኮሽም የቀመሰ ሰው ይገባዋል። ጥርስ ያጥረሰርሳል፣ ፊት ያጨማድዳል።

ስለ ችግኝ ግዢ አንድ ነገር ልበል። ትልልቅ መደብሮች ክራብ አፕል ብለው የሚሸጡት አብዛኛው ከጃፓን፣ ከቻይና ወይም ከሳይቤሪያ ዝርያዎች የተገኘ ነው። መጥፎ ዛፍ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን የአገሬውን የፈለገ ሰው ሳይንሳዊ ስሙን መለያ ወረቀቱ ላይ ያንብብ፣ ወይም የአገር በቀል ተክል የሚሸጥበት ቦታ ሄዶ ይጠይቅ። የአንዳንድ ግዛቶች የደን ችግኝ ጣቢያዎችም ሥሩ አፈር የሌለው ትንንሽ ችግኝ በርካሽ ይሸጣሉ።

ከውጭ የመጣ ዛፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየመንገዱ ዳር ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዘው የካለሪ ፒር አለላችሁ። ብራድፎርድ የተባለውን ዓይነት በ1963 ለገበያ ያበቃው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው። የተሞከረውም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ውስጥ ነበር። ዘር አይሰጥም ተብሎ ነበር። ከሌሎች የካለሪ ዓይነቶች ጋር ሲዳቀል ግን ፍሬ አፈራ፣ ወፍ በተነው፣ ሜዳውን ወረረው። ኦሃዮ ከ2023 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ያንን ዛፍ የቆረጠ ሰው በቦታው ምን ልትከል ካለ፣ የዱር ፖም በቁመትም በአበባም ጥሩ ምትክ ነው።

ከዘርም ማብቀል ይቻላል፤ ትዕግሥት ላለው። የሱቅ ፖም ዘሩ ቢተከል እናቱን አይመስልም። የምሥራቁ የዱር ፖም ግን ብዙ ጊዜ ሳይዳቀል ዘር ስለሚይዝ ልጁ እናቱን ይመስላል። ዘሩ ቅዝቃዜ ካላገኘ አይነቃም። እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጎ ከሦስት እስከ አራት ወር ፍሪጅ ማስቀመጥ ነው። ከአዋዜው ጎን ይቀመጣል፣ ችግር የለውም፤ ብቻ ላዩ ላይ ጻፉበት።

አተካከሉ ከባድ አይደለም። ጊዜው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ወይም ቡቃያው ሳይፈነዳ በጸደይ መግቢያ ነው። ከመቆፈር በፊት ወደ 811 መደወል ግድ ነው። የጋዝና የመብራት መስመር የት እንደተቀበረ በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። ቦታው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በጥላ ቢበቅልም አበባው ይሳሳል፣ በሽታውም ይብሳል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም። ቀይ ሸክላ አፈር ግን ውኃውን እስካሳለፈ ድረስ ይችለዋል።

ጉድጓዱ የሥሩን ሁለት እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ። ብዙ ዛፍ የሚሞተው ጠልቆ ስለሚተከል ነው። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ከዚያ አፈሩን በቅጠል ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ መጎዝጎዝ። ግንዱን ግን አያስነኩት። እንደ ተራራ ግንዱ ላይ የሚከምሩት አሉ፤ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በሳምንት አንዴ በደንብ ማጠጣት ይበቃል። ማዳበሪያ ሲበዛ ለስላሳ ቀንበጥ ያበዛል፤ ይህን የሚወደው ደግሞ በሽታው ነው።

ወደ በሽታው እንምጣ። አገር በቀል ስለሆነ ችግር የለበትም የሚሉ ሻጮች አሉ። በዚህ ዛፍ ላይ ይህ አይሠራም። እንዲያውም ከእስያዎቹ ዓይነቶች ብዙዎቹ ይሻሉታል።

ዋናው ጠላቱ ዋግ ነው። ዋግ ስንል ስንዴ ትዝ ይለናል፤ የዚህኛው ኑሮ በፖምና በጥድ መካከል ነው። ጥዱ እዚህ ኢስተርን ሬድ ሲዳር ይባላል። ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ዋጉ በጥዱ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ለውዝ የሚያህል ቡናማ እባጭ ይሠራል። በጸደይ ዝናብ ሲመታው እባጩ ብርቱካናማ የሆነ፣ እንደ ጄሊ የሚንጠለጠል ቀንድ ያወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ይደነግጣል፤ ከባሕር የወጣ ነገር ይመስላል። ከዚያ የሚወጣው ዱቄት በነፋስ ወደ ፖሙ ይሄዳል። ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ዋጉ ከፖሙ ቅጠል ተነስቶ ወደ ጥዱ ይመለሳል። አንዱ ከሌለ ዙሩ አይሞላም።

ታዲያ የጎረቤትን ጥድ ማስቆረጥ ነው? አይደለም። ዱቄቱ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ጥድ የሌለበት መንገድ የለም። ከጎረቤት መጣላቱ ብቻ ይተርፋል። ዋጉም ዛፉም የዚሁ አገር ናቸው፤ አብረው ኖረዋል። ጠንካራ ዛፍ በነሐሴ ግማሽ ቅጠሉን አራግፎ ቆሞ ይታያል፣ በሚቀጥለው ጸደይ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ያብባል። ዓመቱን ሙሉ ያማረ ነገር ፊት ለፊት የፈለገ ሰው ይህን ዛፍ ወደ ጓሮ ቢወስደው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፋየር ብላይት ይሉታል። የቀንበጡ ጫፍ ጠቁሮ፣ እንደ ከዘራ ተቆልምሞ፣ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። መንስኤው ባክቴሪያ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቡሪል በ1880 ገደማ ይህን ሲደርስበት፣ ባክቴሪያ ተክልን እንደሚያሳምም መጀመሪያ ከታወቀባቸው በሽታዎች አንዱ ሆነ። መፍትሔው መቀስ ነው። ደረቅ ቀን ጠብቆ፣ ከጠቆረው ቦታ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ። በየቁራጩ መሐል መቀሱን በአልኮል መጥረግ። የቆረጡትን ከግቢው ማውጣት። ቅርንጫፍ የመግረዣው መደበኛ ጊዜ ግን በክረምቱ መጨረሻ፣ ዛፉ ተኝቶ ሳለ ነው። የቅጠል እከክም አለ። እሱ መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም።

አጋዘን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጎመን የተከለ ሰው አጋዘንን አያስተዋውቁትም። ችግኙ ከአፉ በላይ እስኪረዝም በሽቦ ማጠር ያስፈልጋል። በክረምት ጥንቸልና አይጥ ቅርፊቱን ስለሚግጡ ከግንዱ በታች ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ መጠምጠም ይበጃል።

አባጨጓሬ ካያችሁ ግን አትረጩ። የአገሬው ነፍሳት የሚያውቁት ዛፍ ነው። ትንንሾቹ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬ ነው። በጸደይ ንብ፣ በክረምት ደግሞ የወደቀውን ፍሬ የሚለቅም እንስሳ ይመጣል።

ለአገር ቤት ይሆናል ወይ ለሚል፣ ከባድ ነው። አብዛኞቹ የፖም ዓይነቶች የክረምት ብርድ ካላገኙ በቅጡ አያብቡም። ጨንቻ ፖም የበቀለው ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ስለሆነ ነው። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን አምጥተውት ነው የተጀመረው። በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ገበሬዎች የፖሙን ቅጠል በእጃቸው ነቅለው ክረምት የመጣ ያስመስሉበታል። እና ዘር ወይም ችግኝ በሻንጣ መያዝ አይታሰብ። የተክል በሽታና ተባይ ከአገር አገር እንዳይሻገር የሚደረገው ቁጥጥር፣ ኳራንቲን፣ ያለው ለዚሁ ነው።

የሚቀረው ፍሬው ነው። ዛፉ ከተተከለ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያፈራል። ጥሬውን መብላት አይመከርም፤ ለማርማላታ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ማርማላታን የሚያረጋው በፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን ብዙ ስለሆነ ከሱቅ የሚገዛ ማርጊያ አያስፈልገውም። ከእንስሳ የሚሠራው ጄላቲን የለበትምና ለጾም ዳቦም ይሆናል። ፍሬውን አጥቦ ለሁለት መክፈል። እስኪሸፍነው ውኃ ጨምሮ እስኪለሰልስ መቀቀል። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ አንጠልጥሎ ሌሊቱን እንዲንጠባጠብ መተው። እዚህ ላይ ሻሹን መጭመቅ ያምራል፤ የጨመቀ ሰው የሚያገኘው ደፍራሳ ነው። ለአንድ ኩባያ ጭማቂ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር አድርጎ ማፍላት። መድረሱን ለማወቅ ፍሪጅ የቆየ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ በጣት መግፋት ነው። ከተሸበሸበ ደርሷል። ቀለሙ እንደ ቀጭን ጠጅ ይሆናል።